ከ«ተመስገን» በኋላ ያለው፤ የአንድ ድረ ገጽ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ተገኘሁ። ቦታው ከፒያሳው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይርቅም፤ አባላቱ ግን ርቀዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፈሩ ሲነሣ ግማሹ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ወደ ልጆቹ ቤት ሄዷል። ሆኖም በወር አንድ እሑድ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ። መቅረት ያስቀጣል ይባላል፤ የሚያመጣቸው ግን ቅጣቱ አይመስለኝም።

ያስጠሩኝ ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በጋዜጣ የተለበጠ ደብተር አወጡና የአባላቱን ጉዳይ አነበቡልኝ፤ ሠላሳ አንድ ጉዳይ። የጡረታ፣ የሕክምና፣ የቤት፣ የመንገድ። «እያንዳንዳችን ቢሮ ለቢሮ ስንዞር የምንናገረው አንድ ዓይነት ነገር ነው። በአንድ ቦታ ይሰብሰብና ሕግ የሚያወጡት፣ በጀት የሚመድቡት ሰዎች ይስሙት» አሉ። ሰብሳቢው ከመጠባበቂያው ስንት እንደሚወጣ ጠየቁ። ነገርኳቸው። «ይህ እኮ የአንድ ድንኳን ዋጋ ነው» ብለው ዝም አሉ። ውድ ነው ማለታቸው ይሁን ርካሽ እስካሁን አልገባኝም።

ከወደ ኋላ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ድረ ገጹ ሲበላሽ ማነው የሚጠግነው?» በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ስቆይ ይህን በመጀመሪያው ቀን የጠየቀኝ ደንበኛ አልነበረም። የሁለት ዓመት ጥገና በውሉ ገባ።

ይዤው የሄድኩት ንድፍ ግን ወደቀ። ጥቁርና ነጭ ትልልቅ ፎቶግራፎች፣ ዙሪያቸውን በጥቁር መስመር የታጠሩ፣ ከሥራቸው ስምና ዕድሜ። በቢሮዬ ሳየው ግርማ ነበረው። ገንዘብ ያዧ እናት መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉና «ልጄ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ልክ ናቸው፤ የሠራሁት የሐዘን ማስታወቂያ ነበር።

ጥቅምት 14

የመጀመሪያው የድምፅ ቅጂ። አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ በቀረች አንዲት የቀበሌ ቤት። የሚኖሩባት እናት በሆቴል ወጥ ቤት 34 ዓመት ሠርተዋል።

ጥያቄዎቼን በወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። በዕለት ኑሮዎ የሚገጥምዎት ችግር ምንድን ነው ብዬ ጀመርኩ። «ተመስገን፣ ምን ችግር አለ ልጄ። ምንም አልጎደለኝም።» ጉልበትዎስ? «ተመስገን፣ ያቆመኛል።» ሕክምናውስ? «ተመስገን፣ ሐኪሞቹም ይባረኩ።» ሃያ ሁለት ደቂቃ እንዲህ ሄደ።

ቡናው ደረሰ። በአቦሉ ስለ ጎረቤት አወራን። ቶናው ሲቀዳ ወሬው እንዴት እንደዞረ ሳላውቅ ከአንድ ደረጃ ላይ ደረሰ። የጤና መድኅን ደብተራቸውን ለማሳደስ በየዓመቱ የሚሄዱበት ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። አምና ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር፣ አንዴ ኔትወርክ አልነበረም፣ በሦስተኛው ተሳካ። «ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዐርፋለሁ። አንድ ጥበቃ አለ፣ ይባረክ፣ ወንበሩን ይለቅልኛል። ሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ይዤ እጸልያለሁ። አራተኛው ላይ ስደርስ የመጣሁበትን ለመናገር ትንፋሽ የለኝም። ልጅቱ ደግሞ ቶሎ ይናገሩ ትለኛለች።»

መቅረጫው እንደበራ ነበር። «እማማ፣ ይህን ልጠቀምበት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ይህ እኮ ወሬ ነው። አንቺ የጠየቅሽኝ ችግር ነው» አሉ። እሺ ያሉኝ በረካውን ከጠጣን በኋላ ነው።

ጥቅምት 15

ጠዋት ሕንፃው ድረስ ሄጄ ደረጃዎቹን ቆጠርኩ፤ 86። እኔ ራሴ ሦስተኛው ላይ ቆም አልኩ። ይህን ቁጥር ምን እንደማደርግበት አላወቅሁም፤ በደብተሬ ጠርዝ ላይ ጽፌ ከበብኩት።

ጥቅምት 22

ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያደጉ ሰዓት ሠሪ አባት። ዘንድሮ 78 ዓመታቸው ነው። በሰው ሱቅ ተቀጥረው 41 ዓመት ሰዓት ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል።

መቼ ጀመሩ ስላቸው «ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው፣ ንጉሡ ሳይወርዱ» አሉ። ቅጼ የሚፈልገው ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ነው፤ ዝርዝሩ ከ2018 ይጀምርና ጣት እስኪደክም ወደ ታች ይወርዳል። እዚያው ዘጋሁት። ማታ በእርሱ ፋንታ የዘመን ምልክቶችን አስገባሁ፤ የንጉሡ ኢዮቤልዩ 1948፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ ኢሕአዴግ የገባበት 1983፣ ሚሌኒየሙ 2000። ሰው «ከዚህ በፊት፣ ከዚያ በኋላ» እያለ ይጠቁማል፤ ዓመቱን ማስላት የኮምፒውተሩ ፈንታ ነው። በዚህ መንገድ ሄደን በ1959 እንደጀመሩ፣ ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት ዓይናቸው ደክሞ እንዳቆሙ በአምስት ደቂቃ አወቅን።

የግል ድርጅት ሠራተኞችን በጡረታ ያቀፈው አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። የመውጫው ዕድሜ 60 ነው፤ እርሳቸው ያን ጊዜ 63 ነበሩ፣ ሥራም አቁመዋል። ለዘለቄታ አበል ደግሞ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። ይህን በወረቀቴ ጠርዝ ሳሰላ አዩኝና «ልጄ፣ እኔ እኮ ሰዓት ሠሪ ነኝ። በሦስት ዓመት እንዳመለጠኝ ዐውቃለሁ» አሉ።

ወደ ቢሮ ስመለስ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ያለው ልዩነት ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። የደረጃው ጉዳይ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ወደ ምድር ቤት ቢያወርድ ያልቃል። የሰዓት ሠሪው ጉዳይ ግን ማንም ጸሐፊ፣ ማንም ኃላፊ አልበደላቸውም፤ የበደላቸው የአንድ አዋጅ ቀን ነው። እነዚህን ሁለቱን «የአረጋውያን ድምፅ» ብዬ በአንድ ገጽ ባሰለፍኳቸው ሁለቱም አድራሻ ያጣሉ። ስለዚህ «ጤና፣ ቤት፣ ገቢ» እያልኩ የከፈልኩትን ማውጫ አፈረስኩ። አዲሱ ማውጫ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው? የመምህሩን ሠላሳ አንድ ጉዳይ በዚህ ወንፊት አሳለፍኩት። አሥራ ሰባቱ በወረዳ ውሳኔ የሚያልቁ ናቸው፣ ዘጠኙ የከተማውን አስተዳደር ይጠይቃሉ፣ አምስቱ ብቻ ሕግ የሚነካኩ ናቸው። መምህሩ ይህን ሲያዩ «ታዲያ ለአሥራ ሰባቱ ፓርላማ ምን ሊያደርግልን ነበር?» አሉ፤ ለራሳቸው ነው የተናገሩት።

ኅዳር 2

የአሁኑ ሳምንት ሙሉ ግልበጣ ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። አማርኛ አዳምጦ የሚጽፍ ፕሮግራም ሞክሬ ነበር፤ «ቶናው»ን «ቶሎ ና» አድርጎ ጻፈው።

ከዚያ አሳጠርኩ። የሥራዬ ልማድ ነው፤ አንባቢ አይታገሥም፣ ዋናውን ፊት አምጣ። የአራት ኪሎዋን እናት ሃያ ሁለት ደቂቃ «ተመስገን» ቆርጬ ጣልኩና ጽሑፉን ከደረጃው ጀመርኩት። ዛሬ ሄጄ አነበብኩላቸው። አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ደህና አድርገሽ ጽፈሻል። ግን ይህቺ እኔ አይደለሁም።»

ምኑ ላይ ተሳሳትኩ ብዬ ጠየቅሁ።

«ይህቺ ደጅ ላይ ቆማ የምታለቅስ ሴት ናት። እኔ እግዜርን ሳላመሰግን ሰው አልወቅስም። የጥበቃውን ልጅ ምርቃትም አውጥተሽዋል። እርሱ ሲያነበው ምን ይለኛል?»

ጥበቃው ድረ ገጹን ያነባል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁሉንም መለስኩ። ከሃያ ሁለት ደቂቃውም ቢሆን የትኞቹ «ተመስገን»ዎች እንደሚቀሩ አብረን መረጥን፤ አምስቱ ቀሩ።

ኅዳር 4

አሁን ደግሞ ሌላኛው ወገን። ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፖሊሲ ሰነድ የምታዘጋጅ ባለሙያ አውቃለሁ። በምሳ ሰዓቷ ካዛንቺስ አገኘኋትና የተመለሰውን ጽሑፍ በስልኬ አሳየኋት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች አነበበች። «ደስተኛ ናቸው እኮ። ጉዳያቸው ምንድን ነው?» አለች። እስከ ታች አንብቢው አልኳት። «እኔ ለአንቺ ብዬ አነባለሁ። አለቃዬ ግን ከእኔ ያነሰ ነው የሚያነበው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

ስድብ አይደለም፤ ሥራው እንዲህ ነው። በቀን የሚደርሳትን ወረቀት ቁልል አይቻለሁ።

እንግዲህ «ተመስገን»ን ባወጣ ባለታሪኳ አታውቀውም፤ ባስገባ ውሳኔ ሰጪው አያየውም። ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስመለስ መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው በጭስ ታፍኗል፤ በየበሩ ቆሻሻ ይቃጠላል። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ የቀረ ነው። መስኮቱን ዘግቼ ኮድ ስጽፍ ዋልኩ፤ ፍለጋውን ነው የሠራሁት።

በአማርኛ ፍለጋ መሥራት ማለት ሰው ሁሉ ሆሄ በፈለገው መንገድ እንደሚጽፍ መቀበል ማለት ነው። «ፀሐይ»ን ብቻ ብንወስድ በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፣ በ«ሀ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» ይጻፋል፤ ስድስት መልክ። «ዓመት» ብሎ የፈለገ «አመት» ብሎ የተጻፈውን ካላገኘ ድረ ገጹ ባዶ ነው ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ከመፈለግ በፊት ወደ አንድ የሚያመጣ አነስተኛ ሰንጠረዥ ጻፍኩ። ለመምህሩ በስልክ ብነግራቸው ደማቸው ፈላ። «‹ንጉሡ ሠ›ን ከ‹እሳቱ ሰ› ጋር አንድ አደረግሽው?» የሚታየው ጽሑፍ እንደተጻፈ እንደሚቆይ፣ ልዩነቱ የሚጠፋው ማሽኑ ሲፈልግ ብቻ እንደሆነ ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ለምልክት ያህል የድረ ገጹን የቃላት አጻጻፍ እርሳቸው እንዲያርሙ ተስማማን። በዚያው ማታ አርባ ሦስት እርማት ላኩ።

ኅዳር 17

ቋጠሮው ተፈታ፤ የፈታሁት ግን እኔ አይደለሁም።

መምህሩ እርማቱን ይዘው ቢሮ መጡ። ማያ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አዩና «ሁሉም ደግ ነው። ጉዳዩ የት አለ?» አሉ። የባለሙያዋ ጥያቄ ነው ብዬ ልበሳጭ ስል፣ ጣታቸውን በባዶው ራስጌ ላይ አኖሩ። «እዚህ ጋ። ‹ጉዳዩ፦› ተብሎ የሚሰመርበት። ደብዳቤ ጽፈሽ አታውቂም?»

እንዴት አልታየኝም! በዚህች አገር ቢሮ ውስጥ የሚነበበው ነገር መልኩ አንድ ነው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ ለማን፣ ከዚያ ከሥሩ የተሰመረበት «ጉዳዩ፦»፣ ከዚያ ዝርዝሩ፣ ከታች ግልባጭ። አንባቢው «ጉዳዩ»ን አይቶ ይመራዋል፤ ዝርዝሩ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ጠባይ ነው። አመልካች በዝርዝሩ ውስጥ አመስግኖ፣ መርቆ፣ ዙሪያውን ዞሮ ቢጀምር ማንም አይታዘበውም። ለካ «ተመስገን» እና «ጉዳዩ» በአንድ ገጽ ላይ ሳይጋፉ የኖሩበት ቤት አለ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ገጹን እንደገና ሠራሁት። ከላይ «ጉዳዩ፦ በ4ኛ ፎቅ የሚሰጠው የጤና መድኅን እድሳት ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ ስለመጠየቅ»። በስተቀኝ በጠባብ ዓምድ «የተቆጠረ» የሚል ርእስ፤ ደረጃ 86፣ ምልልስ 3፣ አሳንሰር የለም። ያ የከበብኩት ቁጥር ቦታውን አገኘ። ቀሪው ገጽ የእናትየው ነው፤ ከነተመስገኑ፣ ከነጥበቃው ምርቃት። ከሥር «የሚመለከተው ድንጋጌ»፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዘዋል።

ለሰዓት ሠሪው ከዚህ የቀረበ ነገር አገኘሁ። የአፍሪካ ኅብረት በጥር 2008 እዚሁ አዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ ያጸደቀው የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮል አለ። መዋጮ የመክፈል ዕድል ላላገኙ አረጋውያን የገቢ ዋስትና የሚሰጥ ሥርዓት እንዲኖር ይጠይቃል። ሳነብላቸው «የጸደቀው የት ነው አልሽኝ?» አሉ። ሜክሲኮን ወረድ ብሎ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ገጹ በአንድ ኤ4 ወረቀት ልክ እንዲታተም አደረግሁት። ጥግ ላይ ያለችውን ኪውአር በስልክ ያነበበ ድምፁን ይሰማል።

ኅዳር 24

ለስድስት አረጋውያን ስልክ ሰጥቼ ስመለከት ዋልኩ። በእኔ ግራጫ የተጻፈውን አንዳቸውም አላነበቡም። ለካሁት፤ ከነጩ ጋር ያለው ንጽጽር 2.8 ለ 1 ነው፤ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመዘኛው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይላል። ጥቁር አደረግሁት። ግራጫ የወጣት ዓይን ቅንጦት ነው።

የፊደላችን ነገር ግን ለብቻው መነገር አለበት። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት ቅጥያ ናት፤ አንዱ ላይ ከወገብ፣ ሌላው ላይ ከእግር ሥር ትወጣለች። ሞራ የጋረደው ዓይን ቅጥያዋ መኖሯን ያያል፣ የት እንዳለች ግን አይለይም። አንዲት እናት «ኑ» የሚለውን «ኒ» ብለው አንብበው በራሳቸው ሳቁ። በፊደሉ መጠን ከ16 ፒክሰል ተነሥቼ 22 ላይ ስደርስ መሳሳቱ ቆመ። የመስመሩንም ክፍተት ማስፋት ነበረብኝ። ሌላው ጥፋት የደማቅ ጽሑፍ ነው፤ የመረጥኩት ፎንት ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ማሰሻው (ብራውዘሩ) ራሱ እያወፈረ «ጬ»ን ቀለም የፈሰሰበት አስመሰለው። እውነተኛ ደማቅ ቅርጽ ወዳለው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቀየርኩ።

ድምፁን በሰከንድ 24 ኪሎቢት ጨመቅሁት፤ ደቂቃው 180 ኪሎባይት ገደማ ይመጣል። ለንግግር ይበቃል። ሙዚቃ ቢሆን አላደርገውም ነበር።

ኅዳር 29

ከአንድ አባት ጋር የእግረኛ መሻገሪያ። መንገዱ 12 ሜትር ነው። የትራፊክ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብለው ያሰላሉ፤ በዚያ ሒሳብ 10 ሰከንድ ይበቃዋል። አባትየው በከዘራቸው 19 ሰከንድ ፈጀባቸው። መሀል ላይ አንድ ሾፌር ጥሩንባ ነፋባቸው፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡት። «የተቆጠረ» ዓምድ ውስጥ ገባ። ሰላምታው በዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 4

ከባድ ቀን።

ከሁሉም የበለጠው ቅጂያችን ከአንድ አባት የተገኘ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወዲያው ይገባል። ከመቅረጽ በፊት ፈቃድ በድምፅ እንጠይቃለን። ስም አናወጣም፣ ፊት አናሳይም፣ ሲፈልጉ ይሰረዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ይመድበዋልና፣ ከሕመም ጋር የተያያዘውን ሁለት ጊዜ እናስፈቅዳለን። አባትየው ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብለዋል።

ዛሬ ልጃቸው ደወለ። ስም ባይኖርም ድምፁን ለይቶታል። «አባቴን ለልመና አወጣችሁት። እኛ ልጆቹ ሞተናል?» አለኝ። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። ፈቃዱ የአባትየው እንጂ የልጁ አይደለም። ይህንን ልለው ነበር፤ አላልኩም። ለአባትየው ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል። አውጪው» አሉኝ።

አወጣሁት፤ ከመጠባበቂያ ቅጂዎቹም ጭምር። ባልደረባዬ ሕጉ ከእኛ ጋር ነበር ይላል። ነበር። አባትየው ግን ማታ የሚመለሱት ወደ ልጃቸው ቤት ነው።

ከዚህ በኋላ በፈቃድ መጠየቂያው ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «ይህን ቢሰማ የሚከፋው የቅርብ ሰው አለ?» ሁለት ሰዎች አለ ብለው ራሳቸው አቋረጡ።

ታኅሣሥ 13

አሥራ ሁለት ጉዳይ ታትሞ ወጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን እስከ ሰኔ 30 ነው፤ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የበጀት ጥያቄ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ይሰናዳል። ሰኔ ላይ የሚደርስ ወረቀት ለመጪው ዓመት ሰላምታ ነው። ስለዚህ አሁን።

የመጀመሪያው መዝገብ ቤት። የምትቀበለው ወጣት ወረቀቶቹን ገልብጣ «ማኅተም የለውም» አለች። ከድረ ገጽ የወጣ ነው አልኳት። «ድረ ገጹ ማኅተም የለውም?» ምን ይመለሳል? ከኋላዬ ገንዘብ ያዧ እናት ቦርሳቸውን ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የእድሩ ማኅተም። ከዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እየተነፈሱበት፣ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ መቱት። ሁለት ወር የለፋሁበት ሥራ በዚያች ክብ ቀለም ወረቀት ሆነ።

ወጣቷ በእያንዳንዱ ላይ የገቢ ቁጥር ጻፈች። ያንን ቁጥርና ቀኑን በየገጹ ላይ አስገባሁ። ከቢሮዎቹ ሌላ ግልባጩን ለባለጉዳዮቹም ሰጠን። የአራት ኪሎዋ እናት ወረቀቱን አጥፈው ከመጽሐፈ ጸሎታቸው መካከል አስቀመጡት።

ጥር 5

በየገጹ ስለሚታየው የቀን መቁጠሪያ ክርክር። እኔ «መልስ አልተሰጠም፤ 22 ቀን» ብዬ በቀይ ጽፌ ነበር። ሰብሳቢው አልተቀበሉትም። «ሰውን በአደባባይ እያዋረድሽ ከቤቱ ወንበር ትጠብቂያለሽ?» አሉ። በረጅሙ ተከራከርን። የወጣው ቃል «በመጠባበቅ ላይ፤ 22ኛ ቀን» የሚል ነው፤ በጥቁር ቀለም። አልወደድኩትም ነበር። ሳድር ሳስበው ግን ከቀዩ ይልቅ የሚያሳፍረው ይህኛው ነው፤ አረጋዊ ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ይታያል።

ጥር 18

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከዚያ ባለ አራት ፎቁ ቢሮ ነው። ሰውየው ስሙንም ኃላፊነቱንም አልነገረኝም፤ ቆጣ ብሏል። «በገጻችሁ ላይ የተጻፈው ስሕተት ነው። ሕዝብ ታሳስታላችሁ። ደረጃው 86 አይደለም፤ 84 ነው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። «ቆጠሩት?» አልኩ።

«አስቆጠርን።»

አጣርቼ አርማለሁ አልኩት። ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ምድር ቤቱ አላነሣሁም፤ እርሱም አላነሣም።

ከሰዓት በኋላ ከባልደረባዬ ጋር ሄደን በየፎቁ እየጻፍን ቆጠርን። ውስጥ ያሉት 84 ናቸው። ጥቅምት ላይ እኔ የጨመርኳቸው ሁለቱ ከዋናው በር ውጭ፣ ከእግረኛ መንገዱ ወደ ግቢው የሚያስገቡት ናቸው። ጥበቃውን ሁለተኛው ፎቅ ላይ አገኘነው። ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ ቆሞ ነበር፤ አንዲት አሮጊት ተቀምጠውበታል።

ማታ ለአራት ኪሎዋ እናት ደውዬ ነገርኳቸው። ሳቃቸው ሳል እስኪሆን ሳቁ።

«ተመስገን። እንግዲያው ሁለቱን አትሰርዢ ልጄ። ‹ውጭ ያሉት› ብለሽ ለይተሽ ጻፊያቸው፤ እነርሱንም እኔው ነኝ የምወጣቸው።»

አረምኩት። ደረጃ፦ ውስጥ 84፣ ከበር ውጭ 2።